ሀዋሳ ናት

እናቴ ዙሌካ ሚስጥር መጠበቅ የምትችለው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በጉዞ። ሌላውን ሁሉ፣ የአባቴን ስኳር በሽታ ሳይቀር፣ ጎረቤት ከእኛ ቀድሞ ነው የሚሰማው። ከቤታችን ሰው ውጭ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ ግን አፏ ይለጎማል። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለማንም አይወራም። ዓይን አለ፣ ምላስ አለ፣ በአፉ እሰይ እያለ በሆዱ የሚመቀኝ አለ። እሷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ሀና ማርያም ውስጥ ሰው መሄዱ የሚታወቀው ከሄደ በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው አፍ።

ስለዚህ እኔ ሲሃም ታይላንድ ልሄድ መሆኔን የሚያውቁት እናቴ፣ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ አናስና ደላላው በፍቃዱ ብቻ ነበሩ። ጉዳዩ ሲታይ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ለማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ግን መስከረም ነው፣ ከፋዩም እኔው ነኝ። የአባቴ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ዘንድሮ ለራሱም አልሆነ። በፍቃዱ ደግሞ መካኒሳ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ቢሮ ያለው፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ታይላንድ ያለ አንድ ማዕከል ሕፃናትን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩለት ሰዎች ለጥቂት ወራት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ትኬቱን እነሱ ይችላሉ፣ መኝታ አለ፣ ደመወዙ ለማስተርሱ ይበቃል፣ ለመስከረም እመለሳለሁ። የቀረኝ በቪዲዮ የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ማለፍ ብቻ ነው። እሱን ካላለፍኩ ማስተርሱም የለም።

በፍቃዱ ጉዳዩ እስኪያልቅ ለማንም እንዳትነግሪ ሲለኝ እናቴ እዚያው ወደደችው። በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ነው አለች።

ለነገሩ የምነግረው እኩያም አልነበረኝም። የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁሉ ክፍለ ሀገር ሥራ አግኝተው ተበትነዋል። የእትዬ በቀለች ልጅ እድላዊት ሀዋሳ ባንክ ተቀጥራለች። ወተት የሚያመጡልን አዴ ሸጊቱ ልጃቸው አያንቱ አዳማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆናላቸዋለች። አዲስ አበባ ሥራ የጠፋው ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ክፍለ ሀገሩ ነው እንዲህ የበለጸገው እያልኩ አሾፍ ነበር።

የእድላዊት ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። በክፍል ብበልጣትም አብረን ነው ያደግነው፤ እንግሊዝኛም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር አቁሜ ምላሷን በጥርሷ መሃል አስይዤ፣ አንዷን ቃል በትክክል ካላለች ንቅንቅ አልላትም ነበር። መንገደኛ ያየናል ብላ እየለመነችኝ እንኳ አልለቃትም። ሀዋሳ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን አልደወለችልኝም። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ጻፍኩ፣ ዝም። ሀዋሳ እንዲህ የምታኮራ ከተማ ናት እንዴ ብዬ ተቀየምኳት፤ እኔም ተውኳት።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጠዋት እናቴ መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። እንግሊዝኛዬ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። ለጎረቤት ሲሃም ጉንፋን ይዟታል ተብሏል። አዴ ሸጊቱ ወተት ሲያመጡ በነጭ ሸሚዝ ተኳኩዬ እንዳያዩኝ ከውጭ በር ላይ ተቀብላ ሸኘቻቸው። እሳቸውም ዝንጅብል አፍልታችሁ ስጧት ብለው ሄዱ። እኔ ብርቱካንና ሙዝ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ ሕፃናት የማስተምር መስዬ፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ።

ስክሪኑ በራ። ነጭ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከፊት ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ሴት። ከጎኗ የአንድ ወንድ ክንድ ይታያል፤ ፊቱ ግን አይታይም። ሴትየዋ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሚስ ኤላ እባላለሁ አለችኝ በእንግሊዝኛ።

እድላዊት ነበረች።

ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። እጄ ላይ የነበረው ሙዝ ከእጄ ሲወድቅ እንኳ አልታወቀኝም። ከስታለች፣ ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ተቆርጧል፤ ግን ራሷ ናት። ልጅ ሆና ከአናስ ብስክሌት ላይ ወድቃ አገጯ ላይ ያተረፈችው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ሀዋሳ ባንክ ውስጥ ደንበኛ ታስተናግዳለች የተባለችው ልጅ ታይላንድ ቁጭ ብላ እኔን ልትፈትን ነው። አፌን ከፍቼ ስሟን ልጠራ ስል በላዬ ላይ ተናገረች። እኔና አንቺ አንተዋወቅም፣ የምጠይቅሽን ብቻ በእንግሊዝኛ መልሺ አለችኝ። ዓይኗ ካሜራው ላይ ተተክሏል፤ አይርገበገብም።

ስሟን ዋጥ አደረግኩት። እሺ፣ አለቃ ሆናለች፣ አድልዎ እንዳይባልባት ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። እንዲያውም ድንጋጤዬ ሲበርድ ውስጤን ደስ አለው። በገዛ ተማሪዬ ተፈትኜ ልወድቅ ነው እንዴ? የሰጠችኝን ጽሑፍ አነበብኩ። ፍራፍሬዎቹን እያነሳሁ አስተማርኩ፣ ዘፈንኩ፣ አጨበጨብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ እንግሊዝኛ አልተናገርኩም።

ስጨርስ ወደ ክንዱ በኩል ሳትዞር መፍረድ ጀመረች። አነጋገርሽ ደካማ ነው አለች። ሕፃናት አይረዱሽም አለች። ይህን ሁሉ የምትለው እኔው መንገድ ዳር አቁሜ በቀረጽኩላት አነጋገር ነው። ከዚያ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያስቀመጠች ተናገረች።

"ወድቀሻል። እዚህም ሆነ ሌላ ቦታ በእኛ በኩል ሁለተኛ እንዳታመለክቺ። አንፈልግሽም።"

ስክሪኑ ጠፋ።

እናቴ ጓዳ ሆና ስትጸልይ ስለነበር የተባለውን አልሰማችም፤ ፊቴን አይታ ግን ክው አለች። ስነግራት መውደቄን ትታ ሌላውን ያዘች። ይቺ በቀለች ስንት ዓመት የልብ የልባችንን ስናወራ ኖረን፣ ልጇ ታይላንድ ሆና ሀዋሳ ናት ትለኛለች? አለች። እኔን ጉንፋን አስይዛ ቤት መደበቋ ትዝ እንኳ አላላትም። እኔ ደግሞ ደሜ ፈልቶ ነበር። ምቀኝነት ነው አልኩ። በእኔ ምላስ ሰው ሆና እኔ ስመጣባት ቦታዋን የምነጥቃት መሰላት። ዓይን ዓይን ስንል ዓይኑ ከስክሪኑ ውስጥ ኖሯል። ነጩን ሸሚዝ እንኳ ሳልቀይር ወደ እናቷ ወረድኩ።

እትዬ በቀለች ዋናው መንገድ ዳር በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል መጋረጃ ይሰፋሉ። ስገባ አንድ ረጅም አረንጓዴ መጋረጃ ስፌት መኪናው ላይ አድርገው አጎንብሰዋል። ሰላም እንኳ ሳልል ጀመርኩ።

"እድላዊት እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። ሀዋሳ ሥራ በዝቶባት ነው" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ዛሬ ጠዋት አየኋት። ታይላንድ ናት።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ይክዱኛል ወይም ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ዘጉና ሁለት እጆቼን ያዙ።

"ፊቷን አየሽው?" አሉኝ። "ስታወራ አየሻት? ጥርሷ አለ?"

ሰው ስለ ልጁ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ጥርሷ አለ እትዬ በቀለች፣ ምን ሆነው ነው አልኳቸው፤ መጋረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

የነገሩኝን እንዳለ ልናገር። እድላዊት ከሄደች ጀምሮ ድምፅዋን ሰምተው አያውቁም። የሚመጣላቸው ደህና ነኝ የሚል አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። ቆይቶ ግን ከዚያ ያመለጠ አንድ ወጣት ከሆስፒታል ደወለላቸው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። ታይላንድ ከደረሱ በኋላ በመኪና ወስደው፣ ወንዝ አሻግረው፣ ድንበሩ ማዶ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ ግቢ ያስገቧቸዋል። ፓስፖርታቸውን ይቀማሉ። ቀን ከሌት ኮምፒውተር ላይ ተጥደው የማያውቁትን የሌላ አገር ሰው ሲያታልሉ ይውላሉ፤ ያላታለለ ይደበደባል። ጥርሳቸውን ያጡ አሉ ብሏቸዋል ልጁ። የእርስዎ ልጅ ግን እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለሆነ ከዚያ አውጥተው አዲስ የሚመለመሉትን እንድትፈትን አድርገዋታል፣ በዚህ ይሻላታል ብሎ አጽናናቸው።

እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለትንሽ ጊዜ አልሰማሁም። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጠዋት ያየሁት ሁሉ ተገልብጦ ታየኝ። ያ ክንድ አጠገቧ ሆኖ እየሰማት፣ የሰፈሯ ልጅ ስትዘፍንና ስታጨበጭብ እያየች፣ ወድቀሻል ያለችኝ ልታተርፈኝ ነው። እኔ ደግሞ ምቀኛ ብዬ ነው የመጣሁት። አፈርኩ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ፈራሁ።

ፍርሃቴ እንደ ልማዱ ቁጣ ሆነና እትዬ በቀለች ላይ ጮህኩ። ይህን ሁሉ እያወቁ እንዴት ዝም ይላሉ አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። እድላዊትንም የላካት በፍቃዱ ኖሯል፤ እሱ ዘንድ ሄደው ነበር፤ ካወሩ ልጅዎን አያገኟትም ብሏቸዋል። ለሰውም ሀዋሳ ናት ብለው ጀምረው፣ በመሃል ምን ብለው ይመለሱ?

"አንቺስ፣ ልትሄጂ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር?" አሉኝ። "ትናንት ቤታችሁ በር ላይ አልፌ ምን ሆና ጠፋች ብል፣ እናትሽ ምን አለችኝ?"

ምን እላለሁ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። በፍቃዱ ነው። እትዬ በቀለች እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው በደስታ ብዛት ቃሉ ይደናቀፋል። ስህተት ተፈጥሮ ነው አለኝ፤ አለቆቹ ቅጂውን አይተው እንደ አንቺ ያለ ሰው እንዴት ይጣላል ብለው ተቆጥተዋል። አልፈሻል፣ ትኬት ሊቆረጥልሽ ነው አለ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ነገር አከለበት።

"ያቺን ፈታኝ ደግሞ አንስተዋታል፤ አታስቢ።"

እትዬ በቀለች መጋረጃውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ስድብ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ስድብ ደግሞ ለወትሮው አይቸግረኝም። ግን አንስተው የት ነው የወሰዷት? እምቢ ብዬ ስልኩን ብዘጋ እድላዊት ለእነሱ ምን ትጠቅማለች? የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድትፈለግ ማድረግ።

"ስሜን ያጠፋችው እሷ ናት" አልኩት። "አልፈሻል የምትለኝም እሷው ትሁን። ሚስ ኤላ ራሷ ደግማ ካልፈተነችኝ አልሄድም።"

ሳቀ። እልኸኛ መሆንሽን ወደድኩት፣ ልጠይቅልሽ ብሎ ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። ነገ ጠዋት፣ ሚስ ኤላ ራሷ ናት አለኝ። እትዬ በቀለች ነገ ፊቷን አየዋለሁ ማለት ነው? ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ያዩታል አልኳቸው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ሻርፗን አንስታ ተከናነበች። ወዴት ነው ስላት ልናገር አለችኝ። ተከትያት ወጣሁ፤ ያን ቀን ያደረገችውን ግን ዓይኔ እያየ አላመንኩም። ጉዞ ለማንም የማታወራው ሴትዮ በራችን ካለበት ጀምራ እያንዳንዱን ቤት አንኳኳች። ልጄን ታይላንድ ልልክ ነበር፣ ደብቄያችሁ ነው፤ የበቀለች ልጅ እንዲህ ሆናለች፤ የእናንተም ካለ አሁን ተናገሩ አለች። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ሰማት። የእኛስ ልጆች እዚሁ አገር ናቸው አሉ ሁሉም። አዴ ሸጊቱ ላሚቱን አልበው ሲነሱ ነው የደረስንባቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ አያንቱስ አዳማ ናት፣ ለበቀለች ግን ነገ እመጣለሁ አሉ።

በማግስቱ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። አባቴ አህመድ ሱቁን ዘግቶ ቀረ፤ ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ አናስ የሚቀርጸውን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ልንሄድ ነው። አናስ ላፕቶፑን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። እኔ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ፣ ሰዉ ደግሞ ካሜራው በማያይበት በኩል ሳሎኑን ሞላው። የቤታችን ሶፋ ለኳስ ጨዋታም ያን ያህል ሰው ይዞ አያውቅም። እትዬ በቀለች ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ከሁሉም ቀድመው ተቀምጠዋል። አዴ ሸጊቱ የወተት ጀሪካናቸውን እንደያዙ በሩ አጠገብ ናቸው።

ስክሪኑ በራ። ያው ነጭ ግድግዳ፣ ያው ፊደላት፣ ያው ክንድ። ሰማያዊው ሸሚዝም ያው ነው፤ የለበሰችው ልጅ ግን ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ተንሸራቷል።

"እንኳን ደህና መጣሽ" አለች በእንግሊዝኛ። "ሚስ ኤላ እባላለሁ።"

አያንቱ ነበረች።

ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ወደ አዴ ሸጊቱ መዞር አልቻልኩም፤ ዓይኔን ካነሳሁ ክንዱ ያያል። አያንቱም አውቃኛለች፤ ከንፈሯ ሲደርቅ አየሁት። እንደ እድላዊት ግን አላቋረጠችኝም፣ ምንም አልጠየቀችኝም። የሚጠየቀውን እኔው ጠየቅኩ። በፊት የፈተነችኝ ሚስ ኤላ የት ናት አልኳት።

ወደ ክንዱ አየት አድርጋ ተመለሰች።

"ሚስ ኤላ እኔ ነኝ" አለች። "ሌላ አልነበረም።" ከዚያ ፊቷ ላይ ካለ ወረቀት የምታነብ መስላ ቀጠለች። "አልፈሻል። እንኳን ደስ አለሽ።"

ስክሪኑ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቀረው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። አናስ አሁንም ስልኩን እንደደገነ ነው፤ አባቴ ጫማውን ሊያጠልቅ አጎንብሶ እንዳጎነበሰ ቀረ። ቀስ በቀስ ሁሉም ሰው ወደ በሩ ዞረ። አዴ ሸጊቱ ጀሪካናቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል። ፊታቸው ላይ እንባ የለም። ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፣ ተሳስታችኋል የሚሉ መስለው።

"አያንቱ አዳማ ናት" አሉ።

እናቴ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እትዬ በቀለች ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነሱ፤ ፊቷን ሊያዩ የመጡላትን ልጃቸውን አላዩም። በሰዉ መሃል አልፈው አዴ ሸጊቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና ጀሪካኑን ከእጃቸው ተቀበሏቸው።

"የእኔም ሀዋሳ ናት" አሏቸው።